አይተህ ምን አልክ? የሰሜን ብርሃን ሌሊትና ሶላታችን

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

ይህን የምጽፍላችሁ እንደ ዓሊም አይደለም። ሙያዬ ምህንድስና ነው፤ ዕድሜዬ ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው፤ የምኖረውም እዚሁ ጄኔቭ፣ ኦ ቪቭ ሰፈር ነው። የፊቅህ ጥያቄ ያለው ወደ ኡስታዞቻችን ይሂድ። እኔ የማካፍላችሁ እናቴ ከደሴ በስልክ የጠየቀችኝን አንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄው እስከ ኖርዌይ ባሕር ዳርቻ ድረስ ተከትሎኝ ሄዷል።

ያ የጁምዓ ሌሊት

ሜይ 10 ቀን 2024 ጁምዓ ነበር። ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በዚያ ሌሊት ስዊዘርላንድ ውስጥ ብዙ ሰው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማዩ ሮዝ፣ ሐምራዊና ቀይ ሆኖ አየ። አንዳንዱ ከሐይቁ ዳር፣ አንዳንዱ ከዙሪክ ወጣ ካሉ ኮረብታዎች፣ አንዳንዱ ከዡራ ተራሮች ላይ ሆኖ ፎቶ አነሳ። በእነዚያ ቀናት ፀሐይ ላይ ከምድር ስፋት 15 እጥፍ ገደማ የሆነ የጥቁር ነጥቦች ስብስብ ነበር። ከዚያ በተከታታይ የፈነዳው ማዕበል ምድር ላይ ሲደርስ ከኦክቶበር 2003 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍተኛው ደረጃ ላይ የተመዘገበ የማግኔት ማዕበል ሆነ።

እኔ አላየሁትም። ኢሻን በጥድፊያ ሰግጄ፣ አልጋ ላይ ሆኜ ስልኬን ስነካካ እንቅልፍ ወሰደኝ። ያ ሁሉ ከመስኮቴ ውጪ ሲሆን እኔ የሰው ኩሽና ሲታደስ የሚያሳይ ቪዲዮ እያየሁ ነበር። ጠዋት ስነሳ የቤተሰብ ግሩፓችን በፎቶ ተሞልቷል። አንዱ ዘመዴ ደግሞ ሰማይ የሚሰነጠቅበትንና እንደ ጽጌረዳ የሚቀላበትን ቀን የሚያነሳውን የሱረቱ አር-ረሕማን አያ ከቀዩ ሰማይ ፎቶ ጋር አያይዞ፣ ሰዓቱ ደረሰ የሚል ቪዲዮ ልኳል።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ ደወለች።

«ልጄ፣ እናንተ ዘንድ ሰማዩ ደም መሰለ ይላሉ። ደህና ናችሁ? ቂያማ ደረሰ ወይ?»

ሳቅኩ። «እማዬ፣ ምንም አይደለም፤ ሳይንስ ነው» ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ፀሐይ ስለምትረጨው ቅንጣት፣ ስለ ምድር ማግኔት፣ ስለ ኦክስጅን ሩብ ሰዓት ያህል አወራሁ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ እንዲህ አለችኝ፦

«እሺ፣ አላህ ዕውቀቱን ይጨምርልህ። ለመሆኑ አንተ አይተህ ምን አልክ?»

«እኔ እንኳ አላየሁትም፤ ተኝቼ ነበር።»

«ውይ ልጄ! ይህን ሁሉ አስረድተኸኝ አላየሁም ትለኛለህ?» ብላ እሷም ሳቀች። ከዚያ ስለ ዝናቡና ስለ ጎረቤት ሠርግ አወራን። ስልኩ ተዘጋ፤ ጥያቄው ግን አልተዘጋም። እሷ የጠየቀችኝ እንዴት እንደሚሠራ አልነበረም፤ ምን እንዳልኩ ነበር። ለመጀመሪያው የአንድ ሰዓት መልስ ነበረኝ። ለሁለተኛው አንድ ቃል አልነበረኝም።

እዚህ ላይ የቂያማውን ቪዲዮ የላከውን ዘመዴንና ራሴን አስተያየሁ። እሱ ሰማዩን አይቶ ደነገጠና ያልተባለውን አለ። እኔ ደግሞ አወቅኩትና ዝም አልኩ። ሁለታችንም የተሳሳትን መሰለኝ።

ልጃቸው በሞተ ቀን

በ10ኛው ዓመተ ሒጅራ የነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም በሕፃንነቱ ሞተ። በዚያው ቀን ፀሐይ ተጋረደች። ሰዎች ፀሐይ ለኢብራሂም ሞት አዝና ነው የጨለመችው ማለት ጀመሩ። እስቲ አስቡት፤ ልጁን በቀበረበት ቀን ለአንድ አባት ከዚህ የበለጠ ምን ማጽናኛ ይነገረዋል? እሳቸው ግን አልተቀበሉትም። ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ታምራቶች ሁለቱ መሆናቸውን፣ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት ብለው እንደማይጋረዱ ነገሯቸው። ይህን ስታዩ ወደ ሶላት፣ ወደ ዱዓ ሂዱ አሏቸው።

በዚህ ሐዲስ ውስጥ ሁለቱም አሉ። መጀመሪያ ወሬውን አስተካከሉ፤ ሰማይ የሰው ጉዳይ ማስታወቂያ ሰሌዳ አይደለም። ቀጥለው ግን ወደ ቤታችሁ ግቡ፣ ምንም አይደለም አላሉም። ተነሱ፣ ስገዱ አሉ። ዘመዴ የመጀመሪያውን ግማሽ ረሳ፤ እኔ ሁለተኛውን።

አንዴኔስ

በቀጣዩ ዓመት፣ በፌብሩዋሪ 2025 መጨረሻ፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከእህቴ ልጅ ጋር ወደ ሰሜን ኖርዌይ ሄድን። እዚህ ጄኔቭ ተወልዶ ያደገ የ19 ዓመት ወጣት ነው። ታሪኩን የምጽፈው አንብቦት ከፈቀደልኝ በኋላ ነው፤ ስሙን አልጠቅስም። በሜይ ሌሊት ከሐይቁ ዳር ያነሳው ቪዲዮ ብዙ ተመልካች አግኝቶለት ነበርና በትክክለኛው ቦታ ማየት አለብኝ ብሎ ወራት ሙሉ ወተወተኝ። የትምህርት ቤት ዕረፍት ነበር፤ እኔም ያመለጠኝን ልከፍል ፈለግሁ። ጉዞ ጀመርን።

አንዴኔስ በአንዶያ ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ያለች፣ ሦስት ሺህ ሰው የማይሞላባት የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ከአርክቲክ ክበብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ትርቃለች። ከ1859 ጀምሮ የቆመ፣ 40 ሜትር ቁመት ያለው ቀይ የመብራት ማማ አላት፤ መርከበኞች በእሱ ይመሩ ነበር። ከከተማዋ አጠገብ ደግሞ ከ1962 ጀምሮ አውሮራን የሚያጠኑ ሮኬቶች የሚተኮሱበት ጣቢያ አለ።

ስለዚህ ጣቢያ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ የዚያን ዘመዴን ቪዲዮ ያስታውሰኛልና። ጃንዋሪ 25 ቀን 1995 ሳይንቲስቶች ከዚህ አንድ ትልቅ ሮኬት ተኮሱ። ዓላማው የሰሜን ብርሃንን ማጥናት ብቻ ነበር። ለጎረቤት አገሮች፣ ለሩሲያም ጭምር፣ አስቀድመው አሳውቀዋል። መልእክቱ ግን ራዳር ላይ ለተቀመጡት ሰዎች አልደረሰም። እነሱ ወደ ሰማይ የሚወጣውን ሲያዩ የኒውክሌር ሚሳይል መሰላቸው። ትእዛዝ የሚሰጥበት ቦርሳ ፕሬዝዳንት የልትሲን ፊት ቀረበ። ሮኬቱ ወደ ሩሲያ እንደማይሄድ እስኪታወቅ ድረስ ዓለም ለጥቂት ደቂቃዎች በቋፍ ላይ ቆየች። በሱረቱል ሑጁራት አላህ (ሱ.ወ) ወሬ ሲመጣላችሁ አረጋግጡ፣ ሳታውቁ ሰዎችን ጎድታችሁ እንዳትጸጸቱ የሚል ትርጉም ያለው ትእዛዝ ሰጥቶናል። ሰማይ ላይ የታየን ብርሃን በችኮላ መተርጎም ምን ሊያመጣ እንደሚችል ከዚያች ትንሽ ከተማ በላይ የሚያስተምር የለም። ስለዚህ በአላህ ስም የሚላክላችሁን ቪዲዮ ወደ ሌላ ከማስተላለፋችሁ በፊት ቆም በሉ። ላኪው ሙስሊም መሆኑ ብቻ ወሬውን እውነት አያደርገውም።

ስልኩ ሲጠፋ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ደመና ነበር። በሦስተኛው ሰማዩ ጠራ። የወሩ መጨረሻ ስለነበር ጨረቃም የለችም። ወፍራም ልብስ ደራርበን፣ በማረፊያችን ዉዱእ አድርገን፣ ከከተማው መብራት ራቅ ወዳለ የባሕር ዳርቻ ሄድን። የእህቴ ልጅ ካሜራውን ተከለ፣ ስልኩን በሌላ እጁ ያዘ።

መጀመሪያ የታየው እንደ ስስ ደመና ያለ ግራጫ ቅስት ነበር። «ይሄ ነው?» አለኝ ቅር ብሎት። በካሜራው ላይ ግን ያው ነገር አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ደብዛዛ ብርሃን ላይ የሰው ዓይን ቀለም መለየት ያቅተዋል፤ ካሜራ ግን ለብዙ ሰከንድ ብርሃን ያጠራቅማል። ስለዚህ ከሰማዩ ይልቅ ስክሪኑን እያየ ቆየ። ይህን የምለው ልፈርድበት አይደለም፤ እኔም በትከሻው በኩል እያየሁ ነበር።

ከዚያ ብርዱ ስልኩን አጠፋው። ባትሪ እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ አይወድም። ብዙ ሳይቆይ ካሜራውም ተከተለ። ተናዶ እቃውን ከቦርሳው ከተተና ከድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ያኔ ነው ሰማዩ የተከፈተው። ቅስቱ ተሰነጣጠቀ፣ እንደ መጋረጃ ወረደ፣ ታጠፈ፣ ተዘረጋ። አረንጓዴው በረዶውን አረንጓዴ አደረገው፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ቀይ ነበረ። ድምፅ የለውም። የሚሰማው ባሕሩ ብቻ ነበር።

ብዙ ቆይቶ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር፣ በፈረንሳይኛና በአማርኛ እየቀላቀለ እንዲህ አለኝ፦

«አጎቴ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እማዬ ሰገድክ ወይ ስትለኝ አዎ እላታለሁ። ከሰገድኩ ግን ዓመት አልፎኛል። ስሰግድ ምንም አይሰማኝም ነበር። ምንም የማይሰማኝን ነገር መሥራት ውሸት መሰለኝ፤ ስለዚህ ተውኩት። አሁን ደግሞ እሷን እዋሻለሁ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አፌ ላይ ትምህርት መጥቶ ነበር። የሶላት ግዴታነት፣ የእናት ሐቅ፣ የውሸት ወንጀል፤ ሁሉም ተሰልፎ ነበር። ሁሉም እውነት ነው። ግን እናቴ ያንን ሩብ ሰዓት ያዳመጠችኝ ትዝ አለኝ። ለጥያቄዋ የማይሆን መልስ በልበ ሙሉነት የሰጠሁት ትዝ አለኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ ልክ እንደሱ እኔም ብዙ ጊዜ ምንም ሳይሰማኝ እንደምሰግድ፣ በዚያች የጁምዓ ሌሊት ኢሻን እንዴት እንደጨረስኳት ነገርኩት። ገርሞት ዞር ብሎ አየኝ። «አንተም?» አለ።

ሁለት ደቂቃ

ከዚያ ቀይዋን ጫፍ አሳየሁት። የማውቀው እሱን ስለሆነ ከማውቀው ጀመርኩ።

አረንጓዴውም ቀዩም የሚመጣው ከአንድ ዓይነት አተም፣ ከኦክስጅን ነው። ከፀሐይ በመጣው ኃይል የተገፉ ቅንጣቶች አተሙን ሲመቱት ኃይል ይቀበላል፤ ያንን ኃይል ብርሃን አድርጎ ይመልሰዋል። አረንጓዴውን ለመስጠት ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ቀዩን ለመስጠት ግን በአማካይ ሁለት ደቂቃ ገደማ መቆየት አለበት። ዝቅ ባለው ከፍታ፣ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ አየሩ ይጨናነቃል። አተሙ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ሌላው መጥቶ ይገጨውና የተቀበለውን ኃይል ይነጥቀዋል። ሳያበራ ይቀራል። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ግን ጸጥታ አለ። እዚያ ማንም ሳይነካው ይቆያልና ቀዩን ብርሃን ይሰጣል። ከፍ ብሎ ስለሚታይም ነው በሜይ ሌሊት እኛ አገር ድረስ በብዛት የታየው ቀዩ የሆነው።

ይህ ምሳሌ ነው እንጂ ተፍሲር አይደለም። ግን እኔን ነክቶኛል። ቁርኣን ይነበብልናል፣ አዛን እንሰማለን፣ ጁምዓ እንሄዳለን፤ እንመታለን፣ ኃይል እንቀበላለን። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ግን ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ ሌላ ነገር ይገጨናል፣ የተቀበልነው ይነጠቃል። ከዚያ እኔ ውስጥ ብርሃን የለም ብለን እንደመድማለን። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ምናልባት ብርሃኑ ጠፍቶ ሳይሆን ጸጥታው ጠፍቶ ቢሆንስ?

ኹሹዕ ማለት ሁልጊዜ ማልቀስ አይደለም። ስሜት የአላህ ስጦታ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። የእኛ ድርሻ መቆም ነው። ስሜት እስኪመጣ ሶላትን ማቆየት፣ መብራት ካልታየኝ ወደ ዳርቻው አልሄድም እንደማለት ነው። እኛ ሁለት ሌሊት ደመና ሥር ቆመናል፤ ሦስተኛውን ያየነው ስለወጣን ነው።

ከኛ በፊት የቆሙ

ይህን ሰማይ ያየነው የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች እኛ አይደለንም። በ922 ኢብን ፈድላን የተባለ የኸሊፋ አል-ሙቅተዲር መልእክተኛ ከባግዳድ ተነስቶ ወደ ቮልጋ ቡልጋሮች አገር ደርሶ ነበር። እዚያ ባደረበት የመጀመሪያ ሌሊት ሰማዩ ቀልቶ፣ እንደ እሳት ያሉ ደመናዎች የሰውና የፈረስ ቅርፅ ይዘው ሲዋጉ እንዳየ ጽፏል። ብዙ ተመራማሪዎች ይህ አውሮራ እንደሆነ ያስባሉ። እሱና ጓዶቹ ደንግጠው ወደ ዱዓ ገቡ፤ የአገሩ ሰዎች ሳቁባቸው። ንጉሡንም ጠየቀው። ንጉሡ የአባቶቹን አባባል ነገረው፤ አማኝና ከሓዲ ጂኖች ናቸው የሚዋጉት አለው። ኢብን ፈድላን ያየውን እንዳየው፣ የሰማውን ከማን እንደሰማው ለይቶ ጻፈ። ዱዓም አደረገ፣ ጠየቀም፣ አልቀጠፈምም።

ሌላም ነገር ጽፏል፤ ይህኛው ለእናንተ ይቀርባል። አንድ ምሽት ከባግዳድ ከመጣ አንድ ልብስ ሰፊ ጋር የኢሻን አዛን እየጠበቁ ድንኳን ውስጥ ያወጉ ነበር። አዛኑን ሰምተው ሲወጡ ጎህ ቀዷል። ሙአዚኑን የትኛውን ነው ያሰማኸው ቢለው፣ የሱብሒን ነው፤ ኢሻን ከመግሪብ ጋር ነው የምንሰግደው አለው። ሌሊቱ ከማጠሩ የተነሣ ሱብሒ እንዳያልፈው ፈርቶ ወር ሙሉ እንዳልተኛም ነገረው።

በጁን ወር ጄኔቭ ውስጥ ኢሻን እስከ እኩለ ሌሊት እየጠበቃችሁ፣ በማግስቱ ፈተና ላላችሁ ወጣቶች ይህ ሰው ዘመዳችሁ ነው። አንዴኔስ ደግሞ ይብሳል፤ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ ጭራሽ አትወጣም፤ በበጋ ለሁለት ወር ያህል አትጠልቅም። እንዲህ ባለ አገር እንዴት ይሰገዳል ለሚለው ዑለማዎቻችን የሚያነሱት አንድ ሐዲስ አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ደጃል ሲናገሩ አንዱ ቀን እንደ ዓመት እንደሚረዝም ጠቀሱ። ሶሓቦች ምን ብለው ጠየቁ መሰላችሁ? የዚያ ቀን የአንድ ቀን ሶላት ይበቃናል ወይ አሉ። አይበቃም፣ ጊዜውን ገምቱለት ተባሉ። ደጃል በተነገረበት መድረክ ላይ የሶሓቦች ሐሳብ ሶላታቸው ላይ ነበር።

በማይታየው ሥር

አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ ያለችበት አገር አውሮራ አይታይም። ምክንያቱ ደስ ይላል። የምድር ማግኔት ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። አውሮራ የሚፈጠረው የማግኔቱ መስመሮች ወደ ምድር በሚወርዱባቸው በዋልታዎቹ አካባቢ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን መስመሮቹ ጋደም ብለው ያልፋሉ። ሆኖም ሰማዩ ባዶ አይደለም። አረንጓዴው አውሮራ በሚበራበት ከፍታ ላይ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በቀን ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት በማግኔቱ ወገብ ላይ ይፈስሳል። ዓይን አያየውም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በመሣሪያ ሲለካው ኖሯል።

እናቴ ዕድሜዋን በሙሉ የኖረችው በማይበራ ሰማይ ሥር ነው። ሱብሒ አልፏት አያውቅም። እኔ የሚበራውን ለማየት አውሮፕላን ቀያየርኩ። ሩቅ ሳይብ ማመን ምን ማለት እንደሆነ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእሷ ነው ያየሁት።

ጀርባችንን ስንሰጥ

ዐብዱላህ ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ልጅ ሳለ አንድ ሌሊት አክስቱ መይሙና ቤት አደረ፤ የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት ናት። ሌሊት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነሱ አያቸው። ወደ ሰማይ ተመለከቱ፤ በሱረቱ አሊ ዒምራን መጨረሻ ያሉትን ስለ ሰማያትና ምድር አፈጣጠር፣ ቆመውም ተቀምጠውም ተጋድመውም አላህን ስለሚያወሱት ሰዎች የሚናገሩትን አያዎች አነበቡ፤ ዉዱእ አደረጉ፤ ሰገዱ። ልጁም ተነስቶ ጎናቸው ቆመ። በሌላ ዘገባ ደግሞ የኛው ቢላል አል-ሐበሺ (ረ.ዐ) ለሱብሒ ሊጠራቸው ሲመጣ እያለቀሱ እንዳገኛቸው፣ እነዚህ አያዎች እንደወረዱላቸውና አንብቦ ለማያስተነትን ወዮለት እንዳሉ ተነግሯል።

ቅደም ተከተሉን አያችሁ? አየ፣ አለ፣ ታጠበ፣ ሰገደ። የእናቴ ጥያቄ መልስ እዚያ ነበር።

ኢሻ አልፎን እንዳያድር ተነሳሁ። «እኔ ልሰግድ ነው» አልኩት፤ ና አላልኩትም። ትንሽ ቆየና ጎኔ መጥቶ ቆመ። «ግን ዛሬ የሆነ ነገር ይሰማኛል ብለህ አትጠብቅ» አለኝ። «አልጠብቅም» አልኩት።

ከአንዴኔስ ቂብላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ብርሃኑ በሰሜን በኩል ነበር። ተክቢራ ስናደርግ ያንን ሁሉ ውበት፣ ያን ያህል መንገድ የሄድንለትን፣ ከጀርባችን ጥለነው ቆምን። በሶላት ውስጥ ዓይንን ወደ ሰማይ ማንሳት ተከልክሏል፤ ስለዚህ ያየሁት ሱጁድ የማደርግበትን በረዶ ብቻ ነው። በረዶው አረንጓዴ ይሆናል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ አረንጓዴ ይሆናል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ፉሲለት ለፀሐይና ለጨረቃ እንዳንሰግድ፣ ለፈጠራቸው እንድንሰግድ ያዘዘን ያኔ ገባኝ። ታምራት የሚታየው ወደሚያመለክተው ለመዞር ነው።

ሱጁዱን አረዘምኩት። እሱም ከኔ ቀድሞ አልተነሳም።

ጠዋት ለእናቴ ደወልኩ። ሳትጠይቀኝ «እማዬ፣ አየሁት» አልኳት።

«እሰይ! ታዲያ ምን አልክ?»

«ሱብሓነላህ አልኩ። ከዚያ ኢሻ ሰገድን።»

ዝም አለች። «ሰገድን?» አለች ቀስ ብላ። ከማን ጋር እንደሄድኩ ታውቃለች፤ የልጅ ልጇ ነው። የሴት አያት ምን ያህል እንደምታውቅ አንጠርጥር። «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ሌላ አልጠየቀችም።

ታሪኩ እዚያ አላለቀም፤ ጣፋጭ አድርጌም አልጨርሰውም። የእህቴ ልጅ ለእናቱ እውነቱን ራሱ ነገራት፤ አለቀሱ። በረመዳን ተራዊሕ የመጣባቸው ሌሊቶች አሉ፤ ያልመጣባቸውም አሉ። አሁንም አንዳንዴ ደመና ነው ይለኛል። እኔም እንዲሁ። ግን ደመናም ቢሆን እንወጣለን።

ከእናንተ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ዛሬ ከኢሻ በፊት ስልካችሁን ሌላ ክፍል ተዉት። ከተክቢራው በፊት ሁለት ደቂቃ በመስኮት ሰማዩን እዩ፤ ከኦ ቪቭ ሆነ ከዙሪክ ለውጥ የለውም፤ ምንም ባይበራም። ከዚያ ስገዱ። እናታችሁ ሰገድክ ወይ፣ ሰገድሽ ወይ ካለቻችሁ ደግሞ እውነቱን ንገሯት። እውነት ከሆነ «አልሰገድኩም» እንኳ ከውሸት «አዎ» ይልቅ ወደ ሶላት ይቀርባል።

ያ ረብ፣ ታምራትህን አይተው ከሚያልፉት አታድርገን። ቆመንም፣ ተቀምጠንም፣ ተጋድመንም የምናወሳህ አድርገን። ልባችን ሲደርቅ ከበርህ አታባርረን፤ የተኛነውን ቀስቅሰን፤ በሩቅ ሆነው ዱዓ የሚያደርጉልንን እናቶቻችንን ጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።